ሰኞ ጠዋት የተዘጉት ፊቸሮች፦ የሜይንፍሬም ኤዲተር ፈቃድ የሚጣራው የት ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቡድናችን በሜይንፍሬም (ትላልቅ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት ግዙፍ ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በኮቦልና በፒኤል/ዋን ቋንቋዎች የሚጽፈው፣ ቪኤስ ኮድ በተባለው ኤዲተር ላይ በሚጫን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ነው። የአምራቹን ስም አላነሳም፤ ጥያቄው ተመሳሳይ መሣሪያ የሚጠቀመውን ሁሉ ሊገጥም የሚችል ነውና። ኤክስቴንሽኑ ሁለት ደረጃ አለው። ኮዱን በቀለም መለየት፣ የፕሮግራሙን ክፍሎች በጎን መዘርዘር፣ የተጀመረ ስም መጨረስ፣ ኮፒቡክ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ፈልጎ መክፈት ለማንም ክፍት ነው። የፕሮግራሙን ፍሰት በሥዕል ማውጣት፣ ፈጽሞ የማይደረስበትን ኮድ መጠቆም፣ አንድ ዳታ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል፣ ከረጅም ፓራግራፍ (በኮቦል ስም ከተሰጠው የኮድ ክፍል) ላይ ቆርጦ አዲስ ፓራግራፍ ማበጀት ግን ፈቃድ ለገዛ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤታችን ገዝቷል፤ ውሉም ገና አላለቀም።

ዓርብ ማታ ደህና ሲሠራ የነበረው ሰኞ ጠዋት ተዘግቶ ጠበቀን። ከላቁት ትእዛዞች አጠገብ የቁልፍ ምልክት ተለጥፏል። ሲጫኗቸው የሚወጣው መልእክት ፈቃድ አለመገኘቱን ብቻ ይናገራል፤ የት ፈልጎ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ አይናገርም። ኤክስቴንሽኑን አውጥቶ እንደገና መጫን ለውጥ አላመጣም። የዴስክቶፕ ክፍሉን ስንጠይቅ ወደ ሜይንፍሬም ክፍል መራን፤ የሜይንፍሬም ክፍሉ ደግሞ ኤዲተር የዴስክቶፕ ነው ብሎ መለሰን። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚጣራው የት ነው? የሚከፈተውስ በማን እጅ ነው?

*ተጨማሪ፦ ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዝሟል። ይህንኑ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ማንበብ እንዳይጠበቅበት መልሶቹን በየቁጥራቸው ከዚህ በታች በራሴ ቃል አስፍሬአለሁ። የማልስማማበትንም ሳልገልጽ አላለፍኩም።*

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ የጃቫን ሥሪት እንዳይ በትሕትና መከረኝ። ከኤዲተሩ ጀርባ ሆኖ ኮዱን የሚተነትነው የቋንቋ ሰርቨር በጃቫ የሚሠራ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጃቫ በዝማኔ ሲለወጥ ሰርቨሩ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። መለያው ቀለሙ ነው አለ፤ ኮዱ በቀለም ከታየ ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ ካልታየ ወድቋል።

ሁለተኛው መላሽ በምክሩ ተስማምቶ መለያውን አረመ። ቪኤስ ኮድ ላይ መሠረታዊው ቀለም የሚመጣው ከኤክስቴንሽኑ ጋር ከሚጫን የሰዋስው ፋይል ነው፤ የቋንቋ ሰርቨሩ ቢሞትም ቀለሙ ይቀራል። ስለዚህ ቀለም ምንም አያረጋግጥም። ማየት ያለብን በጎን የሚዘረዘሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች መኖራቸውን፣ ስም መጨረሱም መሥራቱን ነው፤ እነዚህ በላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል በኩል ከሰርቨሩ የሚመጡ ናቸው። ፕሮቶኮሉን ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ጋር ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገው ወዲህ አንድ የቋንቋ ሰርቨር ብዙ ኤዲተሮችን ማገልገል ችሏል። የእኛ ዝርዝርም ስም መጨረሱም ይሠሩ ነበር። ጃቫ ከተጠርጣሪዎች ወጣ።

መልስ 3

ይህ መልስ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ መፍትሔ ሳይሰጥ ጥያቄዬን አስተካክሎልኛልና። ጸሐፊው ፈቃድ ሦስት ቦታ ሊቀመጥ እንደሚችል አብራራ። አንደኛው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የማግበሪያ ፋይል ነው፤ በአንድ ሰው ስም ይሰጣል፣ ቀኑ ሲያልፍ ይሞታል። ሁለተኛው ተንሳፋፊ የሚባለው ነው፤ በኔትወርኩ ላይ ያለ የፈቃድ ሰርቨር የተወሰነ ብዛት ይዞ ይቀመጣል፣ ኤዲተሩ ሲከፈት አንድ ይበደራል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። ሦስተኛው በሜይንፍሬሙ ራሱ ላይ ነው፤ ኤዲተሩ ከሆስቱ ማለትም ከሜይንፍሬሙ ጋር ሲገናኝ እዚያ ያለው አጋዥ ሰርቨር ምርቱ በዚያ ሲስተም ላይ ተፈቅዶለት እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልሱን ወደ ኤዲተሩ ይልካል።

ሦስቱ የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰው ብቻውን ይዘጋበታል። በሁለተኛው ጠዋት ቀድሞ የገባ ይሠራል፣ አርፍዶ የመጣ ያጣል። በሦስተኛው በዚያ ሲስተም የሚገናኝ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘጋበታል። ማን እንደተዘጋበትና ማን እንዳልተዘጋበት ሳይጣራ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው ሲል ደመደመ። በዚህ ፍጹም እስማማለሁ።

መልስ 4

የሁለተኛውን ዓይነት ገጠመኝ ያመጣ ሰው ነው። የሱ መሥሪያ ቤት ተንሳፋፊ ፈቃድ የሚያድለው በፍሌክስኤልኤም ነበር። በፋየርዎሉ ላይ ፖርት 27000 ተከፍቷል፤ ሁሉም ሰው በቂ መስሎታል። ፍሌክስኤልኤም ግን ሁለት ፕሮሰስ አለው። በ27000 የሚያዳምጠው ተቀባዩ ነው፤ ፈቃዱን የሚቆጥረው የአምራቹ ፕሮሰስ ሌላ ፖርት ይይዛል። በፈቃድ ፋይሉ ውስጥ የሁለተኛው ፖርት ቁጥር ካልተጻፈ፣ ፕሮሰሱ በተነሣ ቁጥር ያገኘውን ክፍት ፖርት ይወስዳል። አንድ ቀን ፋየርዎሉ የሚያሳልፈው ፖርት ላይ ይወድቅለታል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ ሌላ ላይ። የፈቃድ ፋይሉን ከፍተው በአምራቹ መስመር ላይ ቋሚ ፖርት ጽፈው፣ ያንኑ በፋየርዎሉ አስከፍተው ተገላገሉ።

የእኛ ምርት ተንሳፋፊ ፈቃድ ስለማይጠቀም ይህ ለእኛ አልሆነም። ሆኖም ከእረፍት ቀን በኋላ ፈቃድ ጠፋ ለሚል ሁሉ በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ከመልስ 5 እስከ 7

እዚህ ላይ ክሩ ከመስመሩ ወጣ። አምስተኛው መላሽ ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ ሲል ጠየቀ፤ አይኤስፒኤፍ (በተርሚናል የሚሠራው የሜይንፍሬም ኤዲተር) ከዜድ/ኦኤስ (ከሜይንፍሬሙ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ጋር አብሮ ይመጣል፣ ቀለምም አለው፣ ፈቃድ ጠፋ አይልም። መስመሮቹን ሁሉ በኤክስ ኦል ደብቆ የሚፈልገውን ስም በፋይንድ ኦል ሲጠራ፣ ስሙ ያለባቸው መስመሮች ብቻ ተለቅመው ይወጡለታል፤ ከዚህ የተሻለ መከታተያ አላየሁም ባይ ነው። ስድስተኛው አጨበጨበለት፤ 3270 የሚባለው የሜይንፍሬም ተርሚናል በ1971 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ስንት አዲስ መሣሪያ መጥቶ እንደሄደ አስታወሰ።

ሰባተኛው ግን አልተዋጠለትም፤ ምላሹም ክብደት ነበረው። ፋይንድ የሚያገኘው ፊደል እንጂ ዳታ አይደለም አለ። በኮቦል አንድ መዝገብ በደረጃ 01 ይታወጃል፣ በሥሩ በደረጃ 05 የሒሳብ ቀሪው መስክ አለ እንበል። አንድ ፕሮግራም መዝገቡን በጅምላ በሙቭ ሲገለብጥ የሒሳብ ቀሪው ይለወጣል፤ ስሙ ግን በዚያ መስመር ላይ የለም። ያው ቦታ በሪዲፋይንስ ሌላ ስም ተሰጥቶት ከሆነም በሁለተኛው ስም ሲጻፍበት የመጀመሪያው ይለወጣል፤ ፋይንድ ይህንንም አያይም። ስሙ ያለባቸውን መስመሮች ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ ያለ ሰው ቀሪውን የሚያበላሸውን መስመር ሳያየው ያልፋል። የሚከፈልበት የዳታ ፍሰት ፊቸር የሚሠራው ይህንን ነው፦ የመስኩን አድራሻና ርዝመት አስልቶ፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ጽሕፈት ሁሉ በየትኛውም ስም ይምጣ ይለቅማል።

በዚህ ሰባተኛውን እደግፋለሁ። አይኤስፒኤፍን ዕድሜ ልኩን የሚጠቀም ሰው ለአንድ መስመር ለውጥ ከማንም ይፈጥናል። ሌላ ሰው የጻፈውን፣ በርካታ ሺህ መስመር ያለውን ፕሮግራም ለመለወጥ ሲቀመጥ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ለዚህም ነው ፊቸሩ ሲዘጋብን ዝም ያላልነው።

መልስ 8 እና 9

ስምንተኛው መላሽ ወደ መልስ 3 መልሶን ቀጥተኛ ጥያቄ አቀረበ፦ የተዘጋበት ሁሉም ነው ወይስ የተወሰነ ሰው? ዘጠነኛው መልስ የእኔ ነው። ስናጣራ በዴቨሎፕመንት ኤልፓር (ኤልፓር የአንድ ሜይንፍሬም፣ ራሱን ችሎ እንደ ሲስተም የሚሠራ ክፍል ነው) የምንገናኘው ሁላችንም ተዘግቶብናል፤ በቴስት ኤልፓር የሚገናኙት ባልደረቦቻችን ግን ምንም አልሆኑም። እዚያው ኮምፒውተር ላይ የግንኙነት ፕሮፋይሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ስንቀይር የቁልፍ ምልክቱ ይጠፋል፤ ስንመልሰው ይመለሳል።

መልስ 10

አሥረኛው መላሽ ሲስተም ፕሮግራመር (ሜይንፍሬሙን የሚያዋቅርና የሚጠግን ባለሙያ) መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩን ተዉት፣ ችግሩ ያለው በዴቨሎፕመንት ሲስተሙ ላይ ነው አለና አሠራሩን ከሥሩ አስረዳ።

ዜድ/ኦኤስ ምርቶች ተፈቅደው እንደሆነ የሚመዘግብበት አገልግሎት አለው። በፓርምሊብ (የሲስተሙ ማዋቀሪያ ፋይሎች በሚቀመጡበት ላይብረሪ) ውስጥ አይኤፍኤፒአርዲ በሚል ስም የሚጀምርና በሁለት ፊደል ወይም ቁጥር የሚያልቅ አባል (የላይብረሪው ፋይል) አለ። በውስጡ ለእያንዳንዱ ምርት ባለቤቱ፣ ስሙ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ሥሪቱ፣ የፊቸሩ ስም፣ በመጨረሻም ሁኔታው ይጻፋል፦ ተፈቅዷል ወይም ተከልክሏል። አንድ ምርት ሲነሣ ራሱን ለዚህ አገልግሎት ያስታውቃል፤ አገልግሎቱ ዝርዝሩን አይቶ ይመልስለታል። ኤስዲኤስኤፍን፣ አርኤምኤፍን፣ ዲኤፍሶርትን የመሳሰሉት ለብቻ የሚከፈልባቸው የዜድ/ኦኤስ ክፍሎች የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚሁ ነው። አገልግሎቱን ከሌላ አምራች የመጣ ምርትም ሊጠቀምበት ይችላል።

ኮንሶል (ለሲስተሙ ትእዛዝ በሚሰጥበት ስክሪን) ላይ ዲስፕሌይ ፕሮድ የሚለውን ትእዛዝ በስቴት መጻፍ በዚያ ሲስተም ላይ የተጻፈውን ሁኔታ ያወጣል፤ በሬጂስተርድ መጻፍ ደግሞ ራሳቸውን ያስታወቁትን ምርቶች። ሁለቱንም በሁለቱ ኤልፓሮች ላይ አሠርተን እንድናወዳድር ጠየቀ። ፊደል ለፊደል አስተያዩ ሲልም አሳሰበ፤ የፊቸሩ ስም በአንድ ፊደል ከተለየ አገልግሎቱ ሌላ ምርት ነው ብሎ ያልፈዋል። በስሙ ምትክ ኮከብ ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ እሱ ግን ይህን አይወደውም፣ ያልተገዛውንም አብሮ ይከፍታልና።

ከመልስ 11 እስከ 13

ክሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። አሥራ አንደኛው መላሽ የሰርተፊኬት ችግር ይሆናል ብሎ ገመተ። በዞዊ (ኤዲተሩን ከሜይንፍሬሙ ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ) የግንኙነት ፋይል ውስጥ ሪጀክት አንኦተራይዝድ የሚለውን ፎልስ አድርጎ መሞከርን መከረ፤ እሱ ሁሌም እንዲያ እንደሚያደርግና ደህና እንደሚሠራለት ጨመረ።

አሥራ ሁለተኛው ቆጣ ብሎ ገባ። ያ ሴቲንግ ሲጠፋ ኤዲተሩ የሚያናግረው በእርግጥ ሆስቱ ይሁን ሌላ ሰው ማጣራት ያቆማል፤ በዚያው መስመር ላይ የሚሄደው ደግሞ የሜይንፍሬም መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ትክክለኛው መንገድ የመሥሪያ ቤቱን ዋና ሰርተፊኬት በኮምፒውተሩ የታመኑ ሰርተፊኬቶች ውስጥ ማስገባት፣ ያም ካልበቃ የኖድ (ኤክስቴንሽኖች የሚሠሩበት ማስኬጃ) ተጨማሪ ሰርተፊኬት ቫሪያብልን ወደ ፋይሉ ማመልከት ነው። የሰርተፊኬት ችግር ቢሆን ግንኙነቱ ራሱ ይቋረጥ ነበር እንጂ ፋይሎች እየተከፈቱ ፈቃድ ብቻ አይጠፋም አለ። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ከሜይንፍሬም መራቅ አለበት ብሎም ጨመረበት። አሥራ ሦስተኛው የአሥራ አንደኛው መልስ ነው፤ እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ተጀመረ፣ ስለ ጉዳዩም አንድም ነገር አልያዘም።

በቁም ነገሩ አሥራ ሁለተኛው ትክክል ነው፤ ይህን በደማቁ መጻፍ እፈልጋለሁ። ማጣሪያውን አጥፍቶ መሥራት ለሙከራ ተብሎ ይጀመራል፣ ከዚያ ፋይሉ ለቡድኑ በሙሉ ይታደላል። ሰውየውን ከሙያው ማባረሩ ግን አያስፈልግም ነበር።

መልስ 14

በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ አጭር መልስ። በራክኤፍ (በሜይንፍሬሙ የተጠቃሚ መብት መቆጣጠሪያ) በኩል የፋሲሊቲ ክላስ ፈቃድ ተነሥቶ ወይም ተሰጥቶ፣ ዝርዝሩ በሴትሮፕትስ ትእዛዝ ካልታደሰ ሲስተሙ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባለው በአሮጌው ይቀጥላል፤ ይህንንም እዩ ይላል። በእኛ ዘንድ የተጠቃሚ መብት አልተነካም፤ ምክሩ ግን አንድ ተጠቃሚ ወይም አንድ ግሩፕ ብቻ ሲዘጋበት በትክክል የሚሠራ ነው።

መልስ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው መላሽ መልስ 10ን አንብቦ አቋራጭ አገኘ፦ ፓርምሊብ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ተፈቅዷል ብሎ ጽፎ መገላገል ነው፤ ማን ያያል?

አሥራ ስድስተኛው ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ያ አባል ውሉ የሚንጸባረቅበት ነው እንጂ ውሉ አይደለም። አገልግሎቱ የሚጠየቀውን በታማኝነት ይመልሳል፤ የተጻፈለትን ከደረሰኝ ጋር አያመሳክርም። ያልተገዛ ነገር ተፈቅዷል ብሎ የሚጽፍ ሲስተም ፕሮግራመር መሥሪያ ቤቱን በማያውቀው ዕዳ ይጥለዋል። ማንም አያይም የሚለውም ስሕተት ነው። አጠቃቀማቸውን የሚያስመዘግቡ ምርቶች በኤስኤምኤፍ (ሲስተሙ የራሱን ሥራ በሚመዘግብበት) ዓይነት 89 መዝገብ ላይ ይወጣሉ፤ ለክፍያ የሚቀርበው የኤስሲአርቲ ሪፖርትም ይህን መዝገብ ያነብባል። የእኛ ፈቃድ የተገዛ ስለሆነ እንዲጻፍ መጠየቅ መብታችን ነው፤ የሚጽፈው ግን ውሉን በእጁ ይዞ ያየ ሰው ይሁን ሲል ዘጋ።

ከመልስ 17 እስከ 19

አሥራ ሰባተኛው መላሽ የከፈልንበትን ማሽን በቁራሽ በቁራሽ መልሰው ይሸጡልናል ብሎ አማረረ፤ ድሮ ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር በነፃ ይመጣ ነበር አለ። አሥራ ስምንተኛው ታሪኩን አሟላለት። አይቢኤም ሶፍትዌርንና አገልግሎትን ከማሽኑ ዋጋ ለይቶ እንደሚሸጥ ያስታወቀው ጁን 23 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በገበያ ጠቅላይነት ከሶት ነበር፤ ክሱ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ዘልቆ ተነሣ። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል ከዚያ ማስታወቂያ በኋላም ለጊዜው ለብቻው አልተከፈለበትም። አሥራ ስምንተኛው ይህን ያመጣው ለተቃውሞ ነው፦ ዋጋው ባይለይ ኖሮ ከአይቢኤም ውጭ ሶፍትዌር ጽፎ መኖር የሚችል ኩባንያ አይፈጠርም ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙ የሜይንፍሬም መሣሪያዎችም አይኖሩም።

ሁለቱም ያሉት ውሃ ያነሣል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለሶፍትዌር መክፈል አይከፋኝም፤ የከፈሉበትን ማግኘት ሲከለከሉ ምክንያቱ አለመነገሩ ነው የሚከፋው።

አሥራ ዘጠነኛው መላሽ ከጉዳዩ ወጥቶ፣ በሲ ቋንቋ በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ የካሬ ቅንፎቹ ለምን ሌላ ምልክት ሆነው እንደሚታዩት ጠየቀ። በኮድ ገጽ (ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ሠንጠረዥ) 037 እና በ1047 መካከል ቅንፎቹ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ነው፤ የፋይሉን ኮድ ገጽ በኤዲተሩ ውስጥ እንዲያስተካክል ነግሬው አለፍን።

መልስ 20

መልስ 10ን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ። የትእዛዙ ውጤት ምን አወጣ? በቅዳሜና እሑድስ በዴቨሎፕመንት ላይ አይፒኤል (ሲስተሙን እንደ አዲስ ማስነሣት) ነበር?

መልስ 21

የእኔ መልስ ነው። ሲስተም ፕሮግራመራችን ትእዛዙን በሁለቱም ላይ አሠራልን። በቴስት ላይ የምርቱ ስም ከነፊቸሩ ተፈቅዷል የሚል ሁኔታ ይዞ ይታያል። በዴቨሎፕመንት ላይ ስሙ ፈጽሞ የለም፤ ተከልክሏል እንኳ አይልም። እሑድ ዕለትም ለጥገና አይፒኤል ተደርጓል።

መልስ 22

መልሱ እዚህ ተገኘ። ምርቱ መጀመሪያ ሲገባ ያስገባው ሰው አዲስ አባል በፓርምሊብ ጽፎ፣ ሴት ፕሮድ በሚለው የኮንሶል ትእዛዝ ሲስተሙ ሳይቆም አስነሥቶታል። ያ ትእዛዝ የሚሠራው በተሰጠበት ሲስተም ላይ፣ እስከሚቀጥለው አይፒኤል ድረስ ብቻ ነው። ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲነሣ የትኞቹን አባላት እንደሚያነብ የሚወስነው አይኢኤሲስ የሚባለው ሌላ አባል ነው፤ በዚያ ውስጥ ፕሮድ የሚለው መስመር አለ። አዲሱ አባል በዚያ መስመር ላይ ካልተጨመረ፣ ከአይፒኤል በኋላ ማንም አያነብበውም። በቴስት ላይ መስመሩ ተጨምሮ ነበር፣ በዴቨሎፕመንት ላይ አልተጨመረም፤ ዴቨሎፕመንት ምርቱ ከገባ ወዲህ እስከዚያ እሑድ አይፒኤል ስላልተደረገ ጉድለቱ ተደብቆ ቆየ።

መፍትሔውንም በቅደም ተከተል አስቀመጠ። መጀመሪያ በአይኢኤሲስ ላይ መስመሩን ማስተካከል፤ ቀጥሎ ዛሬ እንዲሠራ ሴት ፕሮድን መስጠት፤ ከዚያ የኤዲተሩን አጋዥ ሰርቨር አውርዶ ማስነሣት። ሦስተኛውን መርሳት የለባችሁም አለ፤ ሰርቨሩ የሚጠይቀው ሲነሣ ከሆነ ዝርዝሩ ቢስተካከልም አሮጌውን መልስ ይዞ ይቀጥላል። እኛም በተባለው ቅደም ተከተል አስደረግን። ሁለተኛው ካለቀ በኋላ የቁልፍ ምልክቱ አልተነሣም ነበር፤ ሰርቨሩ ወርዶ ሲነሣ፣ እኛም ግንኙነቱን ቆርጠን ስንቀጥለው ሁሉም ተከፈተ።

መልስ 23

በመልስ 21 ላይ የተነሣውን የስም አለመኖር ያጠራ ጠቃሚ እርማት። ስም በዝርዝሩ አለመኖር ሁልጊዜ መከልከል ማለት አይደለም። ምርቱ ራሱን ሲያስታውቅ፣ ስሜ ካልተገኘ እንደተፈቀደልኝ ቁጠር ወይም እንደተከለከልኩ ቁጠር ብሎ መምረጥ ይችላል። የእኛው ሁለተኛውን የመረጠ ነው። ስለዚህ ሌላ ምርት ሳይጻፍ እየሠራ ይህኛው ለምን አልሠራም ብሎ መከራከር አያስኬድም።

መልስ 24

ሌላ ገጠመኝ። በመጠባበቂያ ጣቢያ ላይ ልምምድ ሲደረግ ሲስተሙ ተነሥቶ፣ ዳታው ተመልሶ፣ ከሌሎች አምራቾች የተገዙት ምርቶች ግን አንነሣም አሉ። ቁልፋቸው የተሰጠው በዋናው ማሽን የፕሮሰሰር መለያ ቁጥር ነበር፤ የመጠባበቂያው ማሽን ቁጥር ሌላ ነው። በልምምዱ ሌሊት ለየአምራቹ እየተደወለ ጊዜያዊ ቁልፍ ተለመነ። ከዚያ ወዲህ የመጠባበቂያውን ማሽን ቁልፍ አስቀድመው አስመጥተው ከልምምዱ ሰነድ ጋር ያኖራሉ። እውነተኛ አደጋ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ሳይጽፈው ሁላችንም ገባን።

መልስ 25 እና 26

ስለ መልእክቱ ያቀረብኩት ቅሬታ ተቃዋሚ አገኘ። ሃያ አምስተኛው መላሽ የኤዲተር መሣሪያ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ገልጾ፣ ስለ ፈቃድ ማጣሪያ ዝርዝር ማውጣት ማጣሪያውን ለማለፍ ለሚፈልግ ሰው መንገድ ማሳየት ነው አለ። ተጠቃሚው ሎጉን ይይ፣ ካላወቀ ድጋፍ ክፍሉን ይጠይቅ። ፕሮግራመር ነኝ የሚል ሰው መልእክት ይነበብልኝ ማለቱን አልወደደውም፤ ይህንንም በማያሻማ ቃል ጻፈው።

ሃያ ስድስተኛው የእኔ ነው፤ አሁንም በዚያው አቋም ላይ ነኝ። የምጠይቀው ምስጢር አይደለም። ማጣሪያው በሆስት ላይ መደረጉ፣ የተጠየቀው ሲስተም ስም፣ የተፈለገው ምርትና ፊቸር ስም፣ የተገኘው መልስ፤ ይኸው ነው። የምርቱ ስም በአምራቹ የመጫኛ ሰነድ ላይ ታትሟል፤ ሁኔታውን ለመለወጥ ደግሞ ፓርምሊብ ላይ የመጻፍ መብት ያስፈልጋል። ያ መብት ያለው ሰው ከእኛ መልእክት የሚማረው ነገር የለም። ያ አንድ መስመር ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቢኖር ኖሮ የዴስክቶፕ ክፍሉና የሜይንፍሬም ክፍሉ እኛን ባላመላለሱን፤ መስመሩን ገልብጠን ለሲስተም ፕሮግራመሩ እንልክለት ነበር፣ እሱም አንብቦ የት እንደሚያይ ያውቅ ነበር። ሎጉንም አይተነዋል፤ ያው መልእክት ነው ያለበት። ይህንኑ በጽሑፍ ለአምራቹ የማሻሻያ ጥያቄ አድርገን አስገብተናል።

መልስ 27

የመጨረሻው የእኔው ነው። መልስ 24ን ካነበብን በኋላ የመጠባበቂያ ሲስተማችን አይኢኤሲስ እንዲታይ ጠየቅን። እዚያም አዲሱ አባል በፕሮድ መስመር ላይ አልተጻፈም ነበር። አሁን ተጽፏል። በሚቀጥለው ልምምድ አይፒኤል ሲደረግ ዲስፕሌይ ፕሮድ እንዲሠራና ውጤቱ ከቴስት ጋር እንዲነጻጸር በልምምዱ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።